የመጽሐፉ ሥዕል እና የእናንተ ሆድ፦ ቀዶ ሐኪሞች ያልጠበቁትን ሲያገኙ

ቀኝ እጃችሁን ከቀኝ ጎድን አጥንታችሁ ስር አሳርፉ። ጉበታችሁ እዚያ ነው። አሁን እጃችሁን ወደ ግራ አሻግሩት፤ ጨጓራችሁና ጣፊያችሁ በዚያ በኩል ናቸው። ትርፍ አንጀታችሁ ደግሞ ከእምብርታችሁ በስተቀኝ፣ ወረድ ብሎ ይገኛል።

እርግጠኛ ናችሁ?

የባዮሎጂ መጽሐፋችሁ እንደዚያ ይላል። የአብዛኞቻችን ሆድም እንደ መጽሐፉ ነው። ግን የራሱን ሆድ ከፍቶ ያረጋገጠ ማን አለ? አንጀቱ ከሌላው ሰው በተለየ መንገድ የተቀመጠ፣ ይህንንም ሳያውቅ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ የሚኖር ሰው አለ። ነገሩ የሚታወቀው አንድ ቀን በሌላ ምክንያት ሆዱ ውስጥ ካሜራ ሲገባ ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ዛሬ ወደዚያ ክፍል ይዘናችሁ እንገባለን። ታካሚው ተኝቷል፤ ሐኪሟ መሣሪያዋን ይዛለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን መጽሐፉ ላይ ያለው አይደለም። አሁን ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ፣ ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

አንድ ነገር ከወዲሁ እናጥራ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የጤና ችግር እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። በዘር የምንወርሰው ነገር፣ ሆርሞኖች፣ የምግብ ዓይነት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና አኗኗራችን ሁሉ ድርሻ አላቸው። ውፍረቱ እንደ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ያሉ ሕመሞችን ሲያስከትልና በሌላ መንገድ አልቀንስ ሲል፣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን እንደ አንድ አማራጭ ያቀርባሉ።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው "ስሊቭ" ይባላል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ትንሹ አንጀት አይነካም።

ሁለተኛው "ባይፓስ" ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተከተሉን፣ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ የምትይዝ ከረጢት ትለያለች። ቀጥሎ ትንሹ አንጀት ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ ይቆረጣል። አሁን ሁለት ጫፎች አሉን። የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ ከከረጢቷ ጋር ይጋጠማል፤ ምግብ በእሱ ይወርዳል። የላይኛው ጫፍ፣ ማለትም ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚመጣበት፣ ዝቅ ብሎ ከአንጀቱ ጎን ይጋጠማል። ሁለት መንገዶች መጥተው አንድ ይሆናሉ። ቅርጹ ልክ እንደ ላቲኑ ፊደል "ዋይ" ነው፦ ሁለት ክንዶች ከላይ፣ አንድ እግር ከታች። ይህ አገጣጠም ስሙን ያገኘው ሴዛር ሩ ከተባለ ስዊዘርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው።

ሁለቱም ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት በላፓሮስኮፒ ነው። ሆድ በሰፊው አይቀደድም። ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንደ ድንኳን ይነፋል፤ በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሟ የምታየው በስክሪን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ነገር መቁረጥ አይደለም። መጀመሪያ ዞር ዞር ብላ ማየት አለባት።

የጠፋው መነሻ

በበዓል በግ ሲበለት አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሆዱ ሲከፈት ቶሎ ዓይን ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች አንዱ ሞራው ነው፤ ያ መረብ የመሰለ ነጭ ስብ። እኛም አለን። ከጨጓራችን ተንጠልጥሎ አንጀታችንን እንደ ሽርጥ ይሸፍናል።

ባይፓስ የምትሠራ ሐኪም ይህን ሞራ ከትልቁ አንጀት ጋር ወደ ላይ ገልብጣ ከስሩ ትፈልጋለች። የምትፈልገው ትንሹ አንጀት ከጀርባ ግድግዳ ተላቆ ወደ ነፃው ሆድ ብቅ የሚልበትን ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንጀቱን ከጀርባ ጋር የሚያስር ጅማት አለ፤ ቬንሴስላቭ ትራይትስ የተባለ የፕራግ ሐኪም በ1853 የገለጸው። ቦታው ከአከርካሪ በስተግራ ነው። ለሐኪሟ ይህ ዜሮ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ አንጀቱን መለካት የምትጀምረው ከዚያ ነው።

አንዳንዴ ሞራው ይገለበጣል፣ በግራ በኩል ግን ምንም የለም። ጅማቱ የለም። አንጀቱ ከቀኝ ነው የሚጀምረው። ትልቁ አንጀት ደግሞ ሆዱን እንደ ፍሬም ከመክበብ ይልቅ በሙሉ ወደ ግራ ተከማችቷል፤ ትርፍ አንጀቱም ከእሱ ጋር ወደ ግራ ሄዷል።

ይህ "የአንጀት አዟዟር ጉድለት" ነው። ለምን "አዟዟር" ተባለ? ምክንያቱም አንጀት በእርግጥ ይዞራል። ታሪኩ ከመወለዳችን በፊት ይጀምራል።

በእናታችሁ ማህፀን ውስጥ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላችሁ አንጀታችሁ በጣም ቶሎ ቶሎ ይረዝም ነበር። ጉበታችሁም ትልቅ ስለነበር ሆዳችሁ ጠበበ። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? አንጀታችሁ ወጣ። አዎ፣ ከሆዳችሁ ወጥቶ እትብታችሁ ውስጥ ገባ! ቤት ሲጠብ ዕቃ ወደ ግቢ እንደሚወጣው ማለት ነው። ለጥቂት ሳምንታት እዚያ አደገ፤ በ10ኛው ሳምንት ገደማ ወደ ውስጥ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ጉዞ በአንድ ትልቅ የደም ቅዳ ዙሪያ፣ ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ 270 ዲግሪ ዞረ። ሶስት አራተኛ ዙር መሆኑ ነው። ከዚያ በየቦታው ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ።

ዙሩ መሃል ላይ ከቆመ ዕቃው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ግን ቦታ ቦታውን አይዝም። ይህ ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይከሰታል ተብሎ ይገመታል። በአንዳንዶቹ ላይ ገና በሕፃንነት አደጋ ያመጣል፤ በደንብ ያልተጣበቀው አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ የደም አቅርቦቱን ያንቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው ሐኪሞች የሚደነግጡት ለዚህ ነው፤ በደቂቃ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ግን ምንም ሳይሰማቸው፣ ወይም አልፎ አልፎ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው "ጨጓራዬ ነው" እያሉ ያድጋሉ።

"ዋይ" "ኦ" ሲሆን

ታዲያ አንጀቱ ከቀኝ ቢጀምርስ ምን ችግር አለው? ቆርጦ መስፋት ነው እንጂ!

ችግሩ ይህ ነው። አንጀት ላይ "ወደ ታች በዚህ በኩል" የሚል ቀስት አልተጻፈም። የተቆረጠ አንጀት ሁለት ጫፎች ስክሪን ላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። ሐኪሟ የትኛው የላይኛው፣ የትኛው የታችኛው እንደሆነ የምታውቀው መነሻውን ስላየች ነው። መነሻው ሁልጊዜ በግራ ነው ብላ በልማድ ከሠራች፣ መነሻው በቀኝ በሆነ ሰው ላይ ጫፎቹን ልታቀያይር ትችላለች።

ከተቀያየሩ ምን ይሆናል? ሐሞት የሚያመጣው ጫፍ ወደ ላይ ሄዶ ከትንሿ ከረጢት ጋር ይጋጠማል። ከከረጢቷ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ዞሮ ወደራሱ ይመለሳል። "ዋይ" መሆን የነበረበት "ኦ" ሆነ። ሐኪሞችም ስህተቱን በዚሁ ፊደል ነው የሚጠሩት። ታካሚው ሐሞት እያስመለሰ ይሰቃያል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ሊያልፉ ይችላሉ፤ መፍትሔውም ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ስህተት እጅግ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ የተለመደ አቀማመጥ ባላቸው ሰዎችም ላይ ሊደርስ ይችላል። መነሻው ባልተለመደ ቦታ ሲሆን ግን አደጋው ይብሳል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ መነሻውን በዓይን ሳያዩ አለመቁረጥ። ሐኪሟ ግራ ስትጋባ አንጀቱን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከትልቁ አንጀት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ይዛ ወደ ኋላ ልትከተለው ትችላለች። አቀማመጡ ከገባት በኋላ አማራጮች አሏት። ባይፓሱን እንደ መስታወት ምስል ገልብጣ መሥራት ትችላለች። አንጀቱን ሊያንቁ የሚችሉ ማሰሪያዎች ካሉ ትለቃቸዋለች። ወይም ትንሹን አንጀት ጨርሶ ወደማይነካው ስሊቭ መዞር ትችላለች፤ ታካሚው አስቀድሞ ተነግሮት ከተስማማ ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

መስታወት ውስጥ ያለ ሰው

አንጀት ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ተገልብጦ ቢገኝስ? ልብ በቀኝ፣ ጉበት በግራ፣ ጨጓራና ጣፊያ በቀኝ። ይህ "ሳይተስ ኢንቨርሰስ" ይባላል፤ ከ10,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል። ቁጥሩን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገራችን ላይ ብታሰሉት፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ማቲው ቤይሊ በለንደን እንዲህ ያለ አስከሬን አግኝቶ በ1788 በዝርዝር ጽፎበታል።

ይህኛው ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይታወቃል። የደረት ራጅ ሲነሳ ልብ በቀኝ ይታያል። እሱም ቢሆን ሊያታልል ይችላል፤ ራጁን የሚያየው ሰው "ፊልሙ ተገልብጦ ነው" ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ ስሊቭም ባይፓስም ተሠርቶ ያውቃል። የሚለየው ለሐኪሟ ነው። የምትቆምበት ጎን፣ ቀዳዳዎቹ የሚበሱበት ቦታ፣ ስክሪኑ፣ ረዳቷ፣ ሁሉም ይገለበጣል። ስሜቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ወረቀታችሁን ሳታዩ መስታወት ውስጥ ብቻ እያያችሁ ስማችሁን ለመጻፍ ሞክሩ። እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ እንደገና ማሰብ ይኖርባችኋል።

ለመሆኑ ሰውነታችን ግራና ቀኙን በምን ያውቃል? በ1998 ጃፓን ውስጥ አይጦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች አስገራሚ መልስ አገኙ። በፅንሱ ላይ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። እዚያ ውስጥ ሲሊያ የሚባሉ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ነገሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል። ያ ትንሽ ጅረት ለፅንሱ "ግራ በዚህ ነው" የሚል ምልክት ይሆናል።

ሲሊያዎቹ የማይንቀሳቀሱ ከሆነስ? ሰውነት ሳንቲም እንደመወርወር ይሆንበታል። ሲሊያቸው በትክክል በማይሠራ ሰዎች ላይ ግማሽ ያህሉ ተገልብጠው ይወለዳሉ። ተመሳሳይ ሲሊያዎች ከሳንባችን አክታ ጠርገው ስለሚያወጡ፣ እነዚህ ሰዎች ሳልና የሳይነስ ሕመም ይደጋገምባቸዋል። ሐኪሙ ማኔስ ካርታገነር በ1933 እነዚህ ነገሮች አብረው እንደሚመጡ ገልጾ ነበር፤ ምክንያቱ ሲሊያ መሆኑን ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ ያሳየው ግን በ1976 ነው። የተገለበጠ ሰው ሁሉ ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው።

ትንንሾቹ ያልተጠበቁ ነገሮች

ከላይ ያየናቸው ትልልቆቹ ናቸው። በየቀኑ የሚያጋጥሙት ግን ትንንሾቹ ናቸው።

ከ10 ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ፣ ወደ ጉበት ግራ ክፍል ደም የሚወስድ የደም ቅዳ ከተለመደው ምንጩ ሳይሆን ከጨጓራ የደም ቅዳ ይነሳል። የሚያልፈውም በጨጓራና በጉበት መካከል ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ሐኪሟ ያንን ሽፋን መክፈት ሲኖርባት፣ ዝም ብላ ብትቆርጠው ደም ይፈስሳል፣ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል።

ከ100 ሰዎች በሁለቱ ገደማ ትንሹ አንጀት ላይ፣ ከትልቁ አንጀት ጋር ከሚገናኝበት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣት የምታህል ከረጢት ትገኛለች። ፅንስ እያለን አንጀታችንን ከአስኳል ከረጢት ጋር ያገናኝ የነበረ ቱቦ ቅሪት ናት፤ መጥፋት ሲገባት ሳትጠፋ የቀረች። ስሟን ያገኘችው በ1809 ከየት እንደመጣች ካስረዳው ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪክ ሜከል ነው።

ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ደግሞ የጨጓራ አናት በድያፍራም ቀዳዳ ወደ ደረት ሾልኮ መውጣት ነው። ውፍረት ራሱ ጨጓራውን ወደ ላይ ስለሚገፋ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀዶ ሕክምና ይጠገናል።

"ይህ ሁሉ አስቀድሞ ለምን አይታይም?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአፍ የሚገባው ካሜራ የጨጓራን ውስጥ እንጂ ውጭውን አያሳይም። አልትራሳውንድ ወፍራም ስብ ውስጥ ሲያልፍ ምስሉ ይደበዝዛል። ሲቲ ስካን ብዙውን ያሳያል፤ ግን ጨረር አለው፣ ዋጋውም ቀላል ስላልሆነ ለእያንዳንዱ ታካሚ አይታዘዝም።

የተኛ ሰው አይጠየቅም

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሐኪሟ ያልጠበቀችውን አግኝታለች። ታካሚው ማደንዘዣ ወስዶ ተኝቷል። "ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቻለሁ፣ ምን ላድርግ?" ብላ ልትጠይቀው አትችልም።

ሶስት ጥያቄዎችን ለራሷ ታቀርባለች። አንደኛ፣ ያገኘሁት ነገር አሁኑኑ አደጋ አለው? ሁለተኛ፣ ያቀድኩትን ሥራ አደገኛ ያደርገዋል? ሶስተኛ፣ ታካሚው ለዚህ ፈቃዱን ሰጥቶኛል?

የሜከልን ከረጢት እንውሰድ። ሰውየው ታሞባት አያውቅም። ብትወጣ ለወደፊቱ ከመድማትና ከመቆጣት ይድናል። ግን አንጀት ላይ አዲስ ስፌት መጨመር በራሱ አደጋ አለው፤ ሰውየውም የመጣው ለዚህ አይደለም። ሐኪሞች ራሳቸው በዚህ ላይ አይስማሙም። ጨጓራ ላይ ትንሽ እብጠት ከተገኘች ደግሞ ነገሩ ይለያል። ለምን መሰላችሁ? ባይፓስ ከተሠራ በኋላ ትልቁ የጨጓራ ክፍል ከምግብ መንገድ ስለሚለይ በአፍ በሚገባ ካሜራ ለማየት ያስቸግራል። ስለዚህ እብጠቷ ምን እንደሆነች ሳይታወቅ መቀጠል ትክክል ላይሆን ይችላል።

አንዳንዴም ትክክለኛው ውሳኔ ማቆም ነው። ጋዙን አስወጥቶ፣ ቀዳዳዎቹን ሰፍቶ፣ ታካሚውን ቀስቅሶ "ያሰብነውን አልሠራንም፤ ምክንያቱ ይህ ነው" ማለት። ለወራት ለተዘጋጀ ሰው ይህ ከባድ ዜና ነው። ለሐኪሟም ቀላል አይደለም። ግን ክብደት መቀነስ ለሌላ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በስህተት የተጋጠመ አንጀት ግን አይቆይም።

ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተቀምጣ "ያልጠበቅነው ነገር ብናገኝ ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ?" ብላ የምትጠይቀው። የስምምነት ፎርም የሚፈረመው ለወረቀት ሲባል ብቻ አይደለም። ተኝታችሁ ሳላችሁ ድምፃችሁ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው።

ለእናንተስ ምን ይጠቅማችኋል?

ከላይ እጃችሁን ያሳረፋችሁበትን ቦታ አስታውሱ። እዚያ ያለው ሥዕሉ ላይ ያለው ሳይሆን የእናንተው ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ስህተት አይደለም፤ የብዙ ሰዎችን ሆድ አጠቃልሎ የሚያሳይ ካርታ ነው።

ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ሆዱን በቀዶ ሕክምና ወይም በራጅ የታየ፣ "የአንተ ትንሽ ለየት ይላል" የተባለ ሰው ካለ፣ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡት ይጠይቅ፤ ወረቀቱንም ያስቀምጥ። ለሚቀጥለው ሐኪም ሁሉ ይንገር። ትርፍ አንጀቱ በግራ የሆነ ሰው ትርፍ አንጀቱ ሲቆጣ የሚያመው በግራ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ።

በአማርኛ ሊወራ የማይገባን ነገር "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። ይህኛው ግን ከዚያ ውስጥ አይገባም።